ከንፈር መጥጠን ከማለፋችን በፊት፦ መንገድ ላይ አካል ጉዳተኛ ሰው እርዳታ ሲፈልግ ምን እናድርግ

ባለፈው ክረምት ነው፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከእህቴ ጋር ቆመናል። እህቴ ዊልቸር ነው የምትጠቀመው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነች፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ጀምሯል፣ ሰልፉ ወደ ሰላሳ ሰው ይሆናል፣ ታክሲው መጣና እሷን አንስቼ ላስገባ ስል ብቻዬን አልቻልኩም። ዞር ስል ሰው ሁሉ እያየን ነው። «እኔን!» የምትል አለች፣ «አይ የሰው ነገር» የሚል አለ፣ ከንፈሩን የሚመጥማ ቁጥር የለውም፣ አንዲት እናት እንደውም ጠጋ ብለው አስር ብር ጭኗ ላይ ጣል አደረጉላትና «እግዜር ይማርሽ ልጄ» ብለው ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። የሚያነሳ ግን ጠፋ። መጨረሻ ላይ ሲቸግረኝ አንዱን በጣቴ እያሳየሁ «ወንድሜ፣ ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ፣ አንተን ነው፣ ና እስቲ በዚህ በኩል ያዝልኝ» አልኩት። መጣ። እሱ ሲመጣ ሁለት ሰዎች ተከትለውት መጡ፣ ደቂቃም አልፈጀም።

ከዛ ቀን ጀምሮ እያሰብኩ ያለሁት ይሄን ነው። ሰዎቹ ጨካኝ አይደሉም እኮ፣ ሀዘኔታውማ ሞልቶ ተርፏል፣ ግን ምን እንደሚደረግ አያውቁም፣ ደግሞ ሁሉም ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ «እንርዳ፣ እንተዛዘን» ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም የተነሳሁት፣ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ግማሹን ከእህቴ ጋር ስንወጣ ስንገባ በስህተት የተማርኩት ነው።

ለምን ቆመን እናያለን?

እ.ኤ.አ. በ1968 ላታኔ እና ዳርሊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሙከራ ሠርተው ነበር። ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስገብተው በማይክ እንዲያወሩ አደረጉ፣ በወሬው መሀል አንደኛው የሚጥል በሽታው ሲነሳበት ይሰማል (የተቀዳ ድምፅ ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም)። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶው የሰውዬው ድምፅ ሳይቋረጥ ተነስተው እርዳታ ጠሩ። «ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ» ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶው ብቻ። ልብ በሉ፣ ያልተነሱትም ተጨንቀዋል፣ አንዳንዶቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። በቃ የኛው የታክሲ ሰልፍ ማለት ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር ኃላፊነቱ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ከንፈር መምጠጥ ብቻ ይሆናል።

ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ሕግም አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ ራሱም ሌላ ሰውም ሳይጎዳ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ጥሎት የሄደ ይቀጣል ይላል። በዚህ ተከሶ የታሰረ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ግን ተጽፏል።

1ኛ፦ መጀመሪያ ጠይቁ፣ እጅ ከመሄዱ በፊት አፍ ይቅደም

ይሄ ከሁሉም በላይ ነው፣ ሌላውን ብትረሱት እንኳን ይሄን ያዙ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ወይም ነጭ በትር የያዘ ሰው ስላያችሁ ብቻ እርዳታ ይፈልጋል ማለት አይደለም፣ ምናልባት ጓደኛውን እየጠበቀ ነው፣ ምናልባት ቡናውን ጠጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ቀረብ በሉና በሰው ደንብ ሰላምታ ሰጥታችሁ «ላግዝህ ወንድሜ?» «እህቴ፣ የምረዳሽ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ «አባባ፣ ላግዝዎት?»። አዎ ካሉ ቀጥሎ «እንዴት ላድርግ?» በሉ፣ ምክንያቱም የራሱን አካል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» ካለ በቃ ነው፣ ቅር አይበላችሁ። እኛ ሀገር እምቢ ሲሉን ሦስት ጊዜ መለመን ይቀናናል፣ ምግብ ላይ ያምራል፣ እዚህ ላይ ግን አያምርም።

ሌላው፣ የምታወሩት ከራሱ ከሰውዬው ጋር ይሁን። እኔና እህቴ አብረን ስንሆን ሰው እኔን ነው የሚያየው፣ «ምን ሆና ነው? የት ናት የምትሄደው?» እያለ፣ እሷ እዛው ቁጭ ብላ እየሰማች። አንዴ አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ልጅ «ፊርማ ትችላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሰላሳ ሠራተኛ ደሞዝ የምትሠራ ሴት ናት እኮ በእግዚአብሔር! እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

2ኛ፦ አንድ ሰው መርጣችሁ ጥሩ

ብቻችሁን የማትችሉት ከሆነ «ኧረ እርዱን! ሰው የለም ወይ!» ብላችሁ አትጩሁ፣ ለሁሉም የተጠራ ጥሪ ማንም ጋ አይደርስም። አንድ ሰው ምረጡ፣ ዓይኑን እያያችሁ በልብሱ ወይም በያዘው ዕቃ ጥሩት፣ የሚሠራውንም ንገሩት። «አንቺ ቢጫ ዣንጥላ የያዝሽው፣ እዚህ ያዥልኝ»፣ «አንተ ደግሞ 907 ደውልልኝ»። ሰው ሥራው ሲሰጠው ደስ ብሎት ነው የሚሠራው፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሌላው አፍሮም ቢሆን ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲሉ ሎሚውን ያከፋፈለውን ሰው ረስተውታል መሰለኝ።

3ኛ፦ ዊልቸር

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስህተቴም እዚህ ላይ ስለሚበዛ።

ሳትጠይቁ አትግፉ። ከኋላ መጥቶ ዊልቸር መግፋት አንድ የማታውቁት ሰው ወገባችሁን ይዞ ቢያስኬዳችሁ ማለት ነው፣ እሷ እጇ ጎማው ላይ ከነበረ ደግሞ ጣቷ ይጎዳል።

ከማንሳታችሁ በፊት የምትይዙበትን እወቁ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ማሳረፊያው ይዤ ብድግ ሳደርግ ማሳረፊያው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፣ እህቴ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደች፣ ግድግዳው ባይኖር ወድቃ ነበር። ብዙ ዊልቸር ላይ የእጅ ማሳረፊያውም የእግር መርገጫውም ተነቃይ ነው። የሚያዘው የማይነቃነቀው ብረት ነው፣ ከኋላ የመግፊያ እጀታው (ላስቲኩ የላላ ካልሆነ)፣ ከፊት ደግሞ ከእግር መርገጫው በላይ ያለው ዋናው ብረት። የቱ ጠንካራ እንደሆነ ባለቤቷ ታውቃለች፣ ጠይቋት።

የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ስትወጡ ፊት ለፊት ነው፣ ወደ ኋላ ትንሽ አዘንብላችሁ ትንንሾቹን የፊት ጎማዎች ጠርዙ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዛ ትልልቆቹን ታስከትላላችሁ። ስትወርዱ ግን ዞራችሁ በጀርባ ነው፣ ትልልቆቹ ጎማዎች ይቅደሙ። ቁልቁለት ከሆነም እንደዛው በጀርባ፣ አለበለዚያ ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ከማዘንበላችሁ በፊት «ላዘነብልሽ ነው» ብሎ መናገር አትርሱ፣ ሳይነግሩ ማዘንበል ነፍስ ያወጣል።

ደረጃ ከሆነ ሁለት ሰው አይበቃም፣ ሦስት ወይም አራት ሁኑ፣ ቆጣሪው አንድ ሰው ይሁን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተብሎ እኩል ይነሳ። ማረፍ ሲያስፈልግ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ። ከዊልቸር ወደ ታክሲ ስታሻግሩ እጅ መጎተት የለም፣ ትከሻ ይወልቃል፣ አንዱ ከኋላ በብብት ስር አንዱ ደግሞ በጉልበት ስር ነው፣ ያውም እሷ እንደዛ በሉ ካለች። ዊልቸሩን ለማጠፍ ትራሱን አንስታችሁ መቀመጫውን ከመሀል ወደ ላይ ሳብ ነው፣ ብዙዎቹ በዛ ይታጠፋሉ፣ ጭቃ ከሆነ ጎማውን በፌስታል ሸፈን አድርጉት።

እዚህ ላይ ስለ ወያላ ነገር ልበል። ዊልቸር ሲያይ «ቦታ የለም» ይላል ወይም የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። ያው ሰውዬ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሲጭን «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ነው እኮ! ይሄን ሊያስተካክል የሚችለው ተሳፋሪው ነው እንጂ እህቴ ተከራክራ አትዘልቀውም፣ ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ ዝም ካለ ወያላው ያሸንፋል። ቁጭ ካለበት አንድ ሰው «ረዳት፣ እኛ ጠጋ ጠጋ እንላለን፣ ዊልቸሩን ከኋላ አስገባው ወይ ፖርቶመጋላ ላይ ጫነው» ካለ ግን ያበቃል። አራት አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድ ሰው ነው የሚበቃው።

4ኛ፦ ማየት የተሳነው ሰው

መጀመሪያ ድምፃችሁን አሰሙ፣ እሱን እያወራችሁ እንደሆነም እንዲያውቅ ክንዱን በስሱ ነካ አድርጉት። «ሰላም ወንድሜ፣ መሻገር ፈልገህ ነው?» በሉ። አዎ ካለ ክንዱን ይዛችሁ እንዳትጎትቱት፣ በትሩንም እንዳትይዙ፣ እሱ የናንተን ክርን ይያዝ። ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላችሁ ስትሄዱ በክርናችሁ ብቻ መታጠፉንም ከፍ ዝቅ ማለቱንም ያውቃል። ከኋላ ሆኖ መግፋትማ ሰውየውን ወደ ጉድጓድ ማስቀደም ነው።

«ተጠንቀቅ!» የምትባለዋ ቃል ምንም አትጠቅምም። ከምኑ ነው የሚጠነቀቀው? ባለበት ደርቆ ይቆማል እንጂ። «ደረጃ አለ፣ ወደ ታች፣ ሦስት ነው»፣ «በግራ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አለ፣ ወደ ቀኝ እንሂድ» ነው የሚባለው። «እዛ ጋ»፣ «በዚህ በኩል» ብሎ በእጅ ማሳየትም ያው ነው፣ ሁላችንም እንሠራታለን።

አንድ የማውቀው ልጅ ያሳየኝ ነገር አለ። ታክሲ ለሱ ቀላል ነው፣ ለምን ቢባል ወያላው «ቦሌ ቦሌ ቦሌ» እያለ ይጠራል፣ ከሩቅ ይሰማዋል። አውቶቡስ ግን ቁጥሩ ተጽፎ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፌርማታ ላይ አጠገባችሁ ከቆመ «ስንት ቁጥር ነው የምትጠብቀው?» ብላችሁ ስትመጣ መንገር ብቻ ቀኑን ታቀልለታለች። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመኪናውን ድምፅ ይሸፍንበታል፣ በጆሮው የሚያውቀው መንገድ ሁሉ ይጠፋበታል፣ ያኔ ነው ከሌላው ጊዜ በላይ ቀረብ ማለት።

መኪና ውስጥ ሲገባ እጁን ወስዳችሁ በሩ ጠርዝ ወይም የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጉለት፣ ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል። መልስ የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ እየቆጠራችሁ ስጡት፣ «ይሄ ሃምሳ፣ ይሄ ሁለት አስር» እያላችሁ። ስትለዩት ደግሞ «እኔ ሄድኩ፣ ቻው» በሉ፣ አለበለዚያ ለባዶ አየር ሲያወራ ይቀራል፣ ሰው ይስቃል፣ እንዴት እንደሚያሳፍር አስቡት።

5ኛ፦ መስማት የተሳነው ሰው

መጮህ አያስፈልግም። ፊት ለፊቱ ቁሙ፣ አፋችሁን በእጃችሁ አትሸፍኑ፣ ስልካችሁን አውጡና ጻፉለት። ከኋላ ሆናችሁ ስትጠሩት ካልዞረ ትከሻውን ነካ ማድረግ ነው፣ ድንጋይ መወርወር አይደለም (አይቻለሁ)። አማርኛ መጻፍ ማንበብ ላይችል ይችላል፣ ያኔ በእጅ በምልክት ትግባባላችሁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው፣ እኛ ግን «ሰላም» እና «አመሰግናለሁ» እንኳን ብንችል ቀላል ነገር አይደለም።

6ኛ፦ የሚጥል በሽታ ሲነሳበት

እዚህ ላይ ነው ሰው ከሁሉም በላይ የሚሸሸው፣ ከሁሉም በላይ የሚያጠፋውም። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትታል፣ አንዱ ውኃ ይደፋበታል፣ አንዱ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሊከት ይታገላል፣ ሌላው አረፋው እንዳይነካው ሦስት ሜትር ርቆ ቪዲዮ ይቀርፃል። በሽታው በምራቅም በአረፋም በመንካትም አይተላለፍም። ክብሪቱም ምንም አይሠራም፣ እያቃጠላችሁት ካልሆነ በቀር።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ሰዓታችሁን እዩ። በዙሪያው ያለውን ድንጋይ፣ ብርጭቆ፣ የከሰል ምድጃ አንሱ። ጃኬት ወይም ነጠላ አጥፋችሁ ጭንቅላቱ ስር አድርጉ፣ ክራቫት ወይም አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉ። እጁን እግሩን ጨምድዳችሁ አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ፣ ምላሱን አይውጥም፣ ምላስ አይዋጥም፣ ማንኪያው ግን ጥርሱን ይሰብራል። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስና አየር እንዲያገኝ። ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ የሚጠጣ የሚበላ አይሰጠውም።

ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በፊት በራሱ ይቆማል። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይ ቆሞ ሳይነቃ ሌላ ከጀመረው፣ ወይ ሲወድቅ ከተጎዳ፣ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይ የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አምቡላንስ ጥሩ፣ የቀይ መስቀል 907 ነው። ሲነቃ ግራ ተጋብቶ፣ ምናልባት ሽንቱ አምልጦት ይሆናል። የተሰበሰበውን ሰው «በቃ፣ አየር ስጡት፣ ሂዱ» ብላችሁ በትኑ፣ ነጠላ ወይ ጃኬት ጣል አድርጉበት፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ በቀስታ ንገሩት፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሰው እስኪመጣ አብራችሁ ቁጭ በሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚበልጠው ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ሰው ሁሉ ትርዒቱ ሲያልቅ ነው የሚበተነው፣ ሰውየው ደግሞ ያኔ ነው ሰው የሚፈልገው።

7ኛ፦ ስለ ብር

ካልለመነ አትስጡ። ከለመነ የናንተ ጉዳይ ነው፣ እዛ ውስጥ አልገባም። ግን ታክሲ እየጠበቀች ያለች ሴት ጭን ላይ አስር ብር መጣል ምጽዋት አይደለም፣ ለኛ ነፍስ ይሆናል እንጂ ለሷ ምንም አይደለም። የትነበርሽ ንጉሴ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ፣ ሕግ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለች ናት፣ እሷም ብትሆን መገናኛ ሰልፍ ላይ ብትቆም አስር ብሯ አይቀርላትም ባይ ነኝ። እህቴ ያን ቀን ምን አደረገች? ብሩን አጣጥፋ ሴትዮዋን ጠራቻቸውና «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደሞዝተኛ ነኝ፣ ይልቅ ዣንጥላዎትን ያስጠልሉኝ» አለቻቸው። ደንግጠው መጡ፣ እስክንሳፈር ድረስ ከላይዋ ይዘውላት ቆሙ፣ እሳቸው ራሳቸው እየረጠቡ።

8ኛ፦ ሰውየው በሌለበት የሚሠራው እርዳታ

አዳዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ያለውን ቢጫ ንጣፍ አይታችሁታል? ለጌጥ የመሰለን ብዙ ነን። ረጃጅሙ መስመር «ቀጥል» ማለት ነው፣ ክብ ክብ ጉብታዎቹ ደግሞ «ቁም፣ መሻገሪያ ወይ ደረጃ አለ» ማለት ናቸው፣ በበትርም በእግርም ይነበባል። እና እኛ ላዩ ላይ ምን እናደርጋለን? መኪና እናቆማለን፣ የሱቅ ማስታወቂያ እንገትራለን፣ ጎሚስታው ጎማውን ይደረድራል፣ ቤት የሚሠራው አሸዋና ጠጠር ያፈሳል። ይሄን ማንሳት ዊልቸር ከማንሳት ይቀላል። ሱቅ ካላችሁ ዛሬ ወጥታችሁ ደጃችሁን እዩ፣ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ካለ ወረዳ አመልክቱ፣ እስኪመጡ ድረስ ግን አንድ ረጅም እንጨት ብቻ ሳይሆን በትር የሚነካው ሰፋ ያለ ነገር ዙሪያውን አድርጉ፣ ቀጭን እንጨት በትር ያመልጠዋል።

ሕንፃ ደግሞ ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ (624/2001) ጀምሮ ሕዝብ የሚገለገልበት ከሆነ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው የሚገባበት መንገድ ሊኖረው ግድ ነው። ራምፑ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ዘንበል ያለ መወጣጫ) ኖሮ ሊወጡት የማይቻል ገደል የሆነበትም አለ፣ መዘጋቱ ግን የባሰ ነው።

እህቴ የምትሠራበት ሕንፃ ራምፕ አለው፣ ጥሩ ራምፕ። ጥበቃው ሞተሩን እዛ ላይ ነበር የሚያቆመው። አንድ ቀን ለመንኩት፣ አነሳ፣ በማግሥቱ ተመለሰ። ሁለተኛ ቀን ለመንኩት፣ አነሳ፣ ተመለሰ። ከዛ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚሠሩት ልጆች እያንዳንዳቸው ጠዋት ሲገቡ «ጋሼ፣ ሞተሩ» ማለት ጀመሩ፣ ሌላ ምንም አይሉም፣ ሰላምታቸው በሉት፣ ወደ አሥራ አምስት ሰው በየቀኑ። በሳምንቱ ሞተሩ ጓሮ ሄደ። አሁን ራምፑ ጫፍ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ በርጩማዎቿን ደርድራለች፣ ቡናዋ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ነገ ጠዋት ሄደን እየጠጣን ልናናግራት ነው።